ሬጉሌተር ምንድን ነው? ባትሪ በደከመ ቁጥር ጥፋተኛው እሱ አይደለም

ሞተር ሳይክል ባትሪ አልይዝ ካለ ደሴም ኮምቦልቻም መልሱ አንድ ሆኗል። «ሬጉሌተሩ ነው፣ ቀይረው!» መብራት ፈዘዘ፣ ሬጉሌተር። ክላክስ ደከመ፣ ሬጉሌተር። ሞተሪኖው አላዞር አለ፣ እሱም ሬጉሌተር። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው በሙሉ ልብ «ሬጉሌተር ማለት ቻርጅ የሚያመነጨው ዕቃ ነው» ብሎ ሲያስረዳ ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። በዚህ ምክር ስንቱ ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ዕቃ ያስገባል፣ በሳምንቱ ባትሪው ተመልሶ ይሞታል፣ ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ይባልና ሌላ ይገዛል።

ሬጉሌተር ምንም አያመነጭም። የሚያመነጨው በሞተሩ ጎን ክዳን ውስጥ ያለው ኮይል ነው፤ ማግኔቱ ሲሽከረከር ከኮይሉ ኤሌክትሪክ ይወጣል። የሬጉሌተሩ ሥራ ሁለት ነው። ከኮይሉ ወዲያና ወዲህ እያለ የሚመጣውን ኤሲ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈሰው ዲሲ ይቀይራል፣ ባትሪ ሌላ አይቀበልምና። ሁለተኛው፣ ቮልቴጁ ከልክ እንዳያልፍ ይይዛል። በ12 ቮልት ሞተር ላይ ልኩ 14.5 አካባቢ ነው።

ቦርከና ዳር በመስኖ የሚያለማ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ወንዙ ኮይሉ ነው፣ ማሳው ባትሪው ነው፣ ሬጉሌተሩ ደግሞ የውኃ አባት ነው። የውኃ አባት ውኃ አይፈጥርም። ያከፋፍላል፣ ማሳው ሲበቃው ትርፉን ወደ ወንዙ ይመልሳል። አብዛኛው የአሮጌ ሞተር ሬጉሌተርም እንዲሁ ነው፤ ትርፉን ኃይል ከምንጩ አያስቆመውም፣ ወደ ቦዲ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ ብረት፣ ያፈሰዋል። ስለዚህ ይሞቃል። መብራት አጥፍተህ ስትነዳ የሚጠጣ ማሳ ስለሚያንስ የሚመለሰው ይበዛል፣ እሱም ይብስ ይሞቃል። በእጅህ ነክተህ «ይፋጃል፣ ተቃጥሏል» አትበል። መሞቅ ሥራው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከውኃ አባቱ እስከ ማሳው ያለው ቦይ ደለል ቢሞላውስ? እሱ ከመክፈያው ላይ ቆሞ ቦዩ ሞልቶ ያያል። «በቃ፣ ጠግቧል» ብሎ ውኃውን ይመልሳል። ታች ማሳው ደርቋል። እሱን ሽረህ ሌላ ብትሾም አዲሱም የሚያየው ያንኑ የሞላ ቦይ ነው፣ እሱም ይመልሳል። ሬጉሌተር ለሚያስቀይረው ሰው ደጋግሜ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ልክ ሠርቶም ባትሪህ ሊራብ ይችላል። ሬጉሌተሩ በራሱ እግር ላይ 14.5 ሲያይ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13 ብቻ ሊሆን ይችላል። የጎደለው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ደለሉ ዝገት ነው። የኔጌቲቭ ገመዱ ቻሲው ላይ የታሰረበት ብሎን፣ የሬጉሌተሩ ሶኬት፣ የፊውዙ መያዣ፣ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ የገመድ ቅጥያ፣ ሁሉም ቦታ ይገባል። የደሴ ክረምትና ጉም ደግሞ ይመቸዋል፤ ሶኬቱን ስትፈታው አረንጓዴ ዱቄት ታገኛለህ። ቻሲውን ቀለም ሲያስቀቡ ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ አብረው የሚቀቡም አሉ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብረቱ እስኪነጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው፣ እሰረው፣ ከላዩ ግራሶ ቀባው።

ታዲያ በግምት አይሁን፣ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዝ። መጀመሪያ ባትሪውን ሙላው። በሞተ ባትሪ ላይ የተለካ ቻርጅ ምንም አይነግርህም፣ አንድ ሴሉ የተበላሸ ባትሪ ጤነኛውን ሲስተም ሁሉ ጥፋተኛ ያስመስለዋል። የሞላ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፣ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በለው። ከዚያ ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ስጠው፤ ከ4,000 እስከ 5,000 ዙር ላይ ባትሪው ጫፍ 13.5 እስከ 14.8 ካገኘህ ቻርጁን ተወው፣ ችግርህ ሌላ ነው። ከ13 ካላለፈ ግን ገና ሱቅ አትሂድ። ሞተሩ በዚያው ዙር እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የሬጉሌተሩ መውጫ ገመድ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ደለሉ እዚያ መሀል ነው። በኔጌቲቩም በኩል እንዲሁ ለካ፣ እዚያ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ይቺ ልኬት ደቂቃ አትፈጅም፣ ግን የሚሠራት ሰው ጥቂት ነው።

ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ወደ ኮይሉ ሂድ። ሶስት ተመሳሳይ ገመድ የሚወጣበት ከሆነ ሶኬቱን ንቀልና ሞተሩ እየሠራ በየሁለቱ መካከል የኤሲ ቮልት ለካ። ሶስቱም ልኬት እኩል መሆን አለበት፣ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ እኩልነቱን እይ። አንዱ ካነሰ ኮይሉ ተቃጥሏል። ከገመዶቹ አንዱ ከቦዲ ጋር ከተገናኘም እንደዚያው። ሬጉሌተር የሚጠረጠረው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። እንደ ድሮዎቹ ያማሃ ዲቲና ኤጂ ባሉት ትናንሽ ሞተሮች ላይ የኮይሉ አንድ ጫፍ ከፋብሪካው ጀምሮ ከቦዲ ጋር የታሰረ ነው። በሶስት ገመዱ ሕግ ከለካኸው ደህናውን ኮይል «ተቃጥሏል» ብለህ ትጥላለህ። በእነዚህ ላይ የፊት መብራቱም ባትሪውን ሳይጠይቅ ከኮይሉ በቀጥታ ይበራል። «መብራቱ ደማቅ ነው፣ ስለዚህ ቻርጁ ደህና ነው» የሚለው አነጋገር እዚህ አይሠራም፤ ነዳጅ ሳትሰጠው በሚኒሞ ሲሠራ መፍዘዙም ብልሽት አይደለም። አንዳንዶቹ ደግሞ 6 ቮልት ናቸው፣ ከላይ የጻፍኳቸውን የቮልት ቁጥሮች በግማሽ አስባቸው።

ተቃራኒውም አለ። ባትሪው ይፈላል፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ አምፖል በየጊዜው ይቃጠላል፣ ቴስተሩ ከ15 በላይ ይላል። ይሄ አዎ፣ ሬጉሌተሩ ሊሆን ይችላል። ግን አንዳንድ ሞተር ላይ ሬጉሌተሩ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያይበት ለብቻው ቀጭን ገመድ አለው፣ እሱም በቁልፍ ማብሪያው በኩል ያልፋል። ማብሪያው ውስጡ ከዛገ ሬጉሌተሩ ከእውነተኛው ያነሰ ቮልቴጅ ያያል፣ «ገና ነው» ብሎ መጫኑን ይቀጥላል። ማብሪያውን አጽድተህ የባትሪው መፍላት ሲቆም ታያለህ።

ምንም ሳይበላሽ የሚደክም ባትሪም አለ፣ አብሽር። ቀኑን ሙሉ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እየተመላለስክ፣ በየአምስት ደቂቃው እያጠፋህ በሞተሪኖ የምታስነሳ ከሆነ የወሰድከውን የምትመልስበት ጊዜ የለህም። የደሴ ጠዋት ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ባትሪው ራሱ አቅም ያንሰዋል። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በማርሽ ተይዞ ሞተሩ ዙር ስለሚያገኝ በደንብ ይሞላል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍተው ያን ቁልቁለት የሚወርዱት ግን ቻርጅም አያገኙም፣ ፍሬናቸውንም ያግሉታል፤ እባካችሁ ተዉት።

በመጨረሻ፣ ያ «ሬጉሌተር ቻርጅ ያመነጫል» ያለው ሰው ያስተማረው ሁለተኛው ነገር። «ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ንቀል፣ ካልጠፋ ቻርጅ ያደርጋል» አለ። ብዙ አሮጌ ሞተር ለካንዴላው የሚሆነውን ኃይል የሚያገኘው ከማግኔቱ እንጂ ከባትሪው አይደለም። ቻርጁ ሙሉ በሙሉ ሞቶም አይጠፋም። ስለዚህ ሙከራው ምንም አይነግርህም። ባትሪው ሲነቀል ግን ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ነገር ይሄዳል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይዘልላል፣ አምፖሉንም ደህናውን ሬጉሌተርም ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ሞክረህ ከሆነ ከላይ ያሉትን ልኬቶች እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር፣ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬ ደህና ላይሆን ይችላልና።