ፎርክ ማለት ምን ማለት ነው?

ጎንደር ፒያሳ ኮምፒውተር የሚማር አንድ ልጅ «ኦፕንኦፊስና ሊብሬኦፊስ መልካቸው አንድ ነው፤ ማን ከማን ሰረቀ?» አለኝ።

ሁለቱም ጽሑፍ መጻፊያና ሠንጠረዥ መሥሪያ ፕሮግራሞች ናቸው። ማንም አልሰረቀም። ነገሩ ፎርክ ይባላል። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ትእዛዝ፣ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ የፈቃዱን ውል ያከበረ ሁሉ ቀድቶ በራሱ መንገድ መቀጠል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኦራክል የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ሰን የተባለውን ሌላ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛ። የሰን የነበረው ኦፕንኦፊስም አብሮ ሄደ። ኦፕንኦፊስን ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹን የፕሮጀክቱ ዕጣ በአንድ ኩባንያ እጅ መውደቁ አሳሰባቸው። እውነትም ያሳስባል፤ የዓመታት ልፋታቸው ነው። በዚያው ዓመት ኮዱን ይዘው ወጡ። ስሙን ግን መውሰድ አልቻሉም፣ የኦራክል ነበራ! ስለዚህ ሊብሬኦፊስ አሉት። ኮድ ይቀዳል፣ የንግድ ስም ግን ባለቤት አለው።

ልጁ በአንዱ የጻፈውን ማመልከቻ በሌላው ከፈትንለት። ፊደሉም ሳይበላሽ ወጣ።