«ቪትዝ ናት፣ 2000 ናት»፦ ለመኪናችን እርዳታ ስንጠይቅ የምንስታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ላይ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ቪትዜ ላይ ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። «የቴስታ ጋርኒሽን (በሞተሩና በክዳኑ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) አቃጥላለች» ተባለ። አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩለት፦ «ወንድሜ፣ ቪትዝ ናት፣ 2000፣ 1000 ሲሲ። ጋርኒሽን ከሶማሌ ተራ ፈልግልኝ።» ዕቃው በአውቶቡስ መጣልኝ። መካኒኩ አውጥቶ ሞተሩ ላይ ጋደም አደረገው። ሞተሩ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ጋርኒሽኑ አራት። ምንም አላለም። አንዴ ጋርኒሽኑን፣ አንዴ እኔን አየ።

ከዚያ ወዲህ «መኪናዬ እንዲህ ሆነች፣ ምን ላድርግ?» የሚል መልእክት ባየሁ ቁጥር የራሴን ጥፋት አገኝበታለሁ።

«የመኪናውን ስም ከነገርኩ ይበቃል።»
አይበቃም። የመጀመሪያው ቪትዝ፣ ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው፣ 1000 ሲሲ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር (ባለ አራት ቀዳዳ) ነው። ከ2005 ጀምሮ የመጣው 1000 ሲሲ ደግሞ ባለ ሦስት። ስሙ አንድ፣ ሲሲው አንድ፣ ሞተሩ ግን ለየቅል።

«ዓመቱን ከጻፍኩ ግልጽ ነው።»
የእኔዋ በፈረንጅ 2008 የተሠራች ናት። እኔ በእኛ አቆጣጠር አስልቼ 2000 አልኩ። የአክስቴ ልጅ በፈረንጅ መስሎት የአሮጌዋን ዕቃ ገዛ። አልፈርድበትም፤ የመኪና ሞዴል ሁሉም የሚጠራው በፈረንጅ ነው። «እ.ኤ.አ.» ብዬ ሦስት ፊደል ብጨምር ወይም ያልተጠየቅኩትን ሒሳብ ባልሠራ ኖሮ ገንዘቤ ኪሴ ነበር። መኪናውን የገዙበትን ዓመት የሚጽፉም አሉ። እሱ ለመካኒክ ምንም አይፈይድም።

«ታርጋውን ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።»
ታርጋ ለትራፊክ ነው እንጂ ስለ ሞተሩ አይናገርም። የሚናገረው ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ፊደልና ቁጥሩ ተደምሮ 17 ካልሆነ የተሳሳተ ይመስለዋል። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና ግን 17 የለውም፤ መጀመሪያ የሞዴል ኮድ፣ ቀጥሎ ጭረት፣ ከዚያ ቁጥር ነው። የእኔዋ «ኬኤስፒ90» ብላ ትጀምራለች። ባለ አራት ሲሊንደሯ አሮጌ 1000 ሲሲ «ኤስሲፒ10» ትላለች። ሞተሩን የሚለየው ከጭረቱ በፊት ያለው ነው። ስለዚህ መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ሙሉውን መለጠፍ አያስፈልግም። ሙሉውን ዕቃ ለሚገዛላችሁ ሰው ብቻ ስጡት። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነም ተናገሩ።

«ችግሩን አውቄዋለሁ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሄዷል።»
ምናልባት። ግን ግምታችሁን ሳይሆን ያያችሁትን ንገሩ። ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ወይም የባትሪው ማሰሪያ ነው። መብራቱ እንደደመቀ «ጠቅ» ካለ ግን አዎ፣ ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ልዩነቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ሰው ባትሪ መቀየር ሲገባው ሞተሪኖ ያስፈታል። ጭስም ካለ ቀለሙን ጨምሩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል።

«ኮምፒውተር አስነብቤያለሁ፣ የሚቀየረውን ነግሮኛል።»
ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የብልሽት ኮድ ዕቃ አይመርጥም። ፒ0171 ማለት ለሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ነዳጁ አንሷል ማለት ብቻ ነው። የተቀደደ ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር ሴንሰር፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ያመጣሉ። ቁጥሩን እንዳለ ጻፉት። «ሴንሰር ነው አሉኝ» አይበቃም።

«የት እንዳለሁ ምን ያደርግለታል?»
የምትጠይቁት ሰው ዱባይ ከሆነ ብዙ ያደርግለታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር፣ ጤነኛም ቢሆን፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ካለው ጉልበት ከ15 በመቶ በላይ ያጣል። ሜዳ ላይ ነው ዳገት ላይ፣ ጠዋት ሲነሳ ነው ከሞቀ በኋላ፣ ይህንንም ጨምሩ።

«ከዚህ በፊት የተነካካውን ባልናገር ይሻላል።»
ይቺ የእኔው ናት። ከቤዛዊቱ ቀን በፊት ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ ራዲያተር ውስጥ ውሃ ስጨምር ነበር። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ትክክለኛው ጋርኒሽን መጥቶ ሊገጠም ሲል መካኒኩ «ውሃ ትጨምር ነበር እንዴ?» አለኝ። ነበር። ራዲያተሩ ከሥሩ ያፈስ ኖሯል። ዝም ብል አዲሱንም አቃጥለው ነበር።

ባለ አራት ቀዳዳው አሁንም ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሮጌዋ ቪትዝ ያላችሁ በርካሽ እሰጣችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ከጭረቱ በፊት ያለውን ላኩልኝ።