አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ጭነት የነዳ ሰው ያውቀዋል። አህያ አልሄድም ብሎ ሲገትር መምታቱ ያስፈራል፣ ይራገጣላ! ጀርባው ላይ ያለው ዳውላ ግን እህል ነው፤ ቢደበድቡት ዝም። ባለቤቱ ዱላውን እሱ ላይ ያሳርፍና ንዴቱ ይወጣለታል። አህያው ንቅንቅ አላለም። ተረቱ የተነሳው ከዚህ ነው። አለቃውን ፈርቶ ቤቱ ገብቶ ልጁ ላይ የሚጮህ ሰው ሲያጋጥመን እንተርትበታለን።

ለእኔ ግን ተረቱ ይበልጥ የሚገባኝ አገር ሲቸገር ነው። ኑሮ ሲወደድ ቤተ መንግሥቱን መጠየቅ ያስፈራል። «ያደኸዩን እነ እንትና ናቸው» ማለት ግን አያሳስርም፤ እንዲያውም ያስጨበጭባል።

ናዚዎች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ላይ የተጫነውን የቬርሳይን ውልና አይሁዶችን እየከሰሱ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲወዳደሩ ያገኙት ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር። ከዚያ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ በ1932 መጀመሪያ የጀርመን ሥራ አጥ 6 ሚሊዮን አለፈ። ያው ውል፣ ያው ክስ፤ በዚያ ዓመት ጁላይ ግን ድምፃቸው 37.3 በመቶ ሆነ። (በዚያን ጊዜ አሜሪካም በሥራ አጥ ተጥለቅልቃ ነበር፤ እንደ ናዚ ያለ ፓርቲ ግን ሥልጣን አልያዘባትም። ችግር ብቻውን አይበቃም፣ ጣት ቀሳሪ ይፈልጋል።)

ከሁሉ የሚገርመኝ የአርጀንቲና ነው። በ1981 ዋጋ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በማርች 30 ቀን 1982 ሠራተኞች «ሰላም፣ ዳቦና ሥራ» ብለው ቦነስ አይረስ ውስጥ ወጡ። ፖሊስ በቆመጥና በአስለቃሽ ጭስ ጠበቃቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ወታደራዊው መንግሥት በእንግሊዝ እጅ የነበሩትን የፎክላንድ ደሴቶች ያዘ። የይገባኛል ጥያቄው ከ1833 ጀምሮ የነበረ ነው፤ የዚያን ዓመት ብቻ ምን አጣደፈው? በዚያው ዕለት ፕላዛ ደ ማዮ አደባባይ ለመንግሥቱ መሪ ለጄኔራል ጋልቲየሪ በሚያጨበጭብ ሕዝብ ሞላ።

እዚህ ላይ ግን ተረቱ ይከዳል። ዳውላ አይራገጥም፤ አገር ይራገጣል። ጄኔራሎቹ እንግሊዝ ለሩቅ ደሴት ብላ አትዋጋም ብለው ነበር፤ እሷ ግን ባሕር ኃይሏን ላከች። በ74 ቀን ውስጥ 649 አርጀንቲናውያንና 255 እንግሊዛውያን ወታደሮች አለቁ። ጁን 14 አርጀንቲና እጅ ሰጠች። በማግስቱ ሕዝቡ ወደዚያው አደባባይ ተመለሰ፣ አሁን ለጭብጨባ አልነበረም። ጋልቲየሪ ሳምንቱን እንኳ አልጨረሰም።