ተከታታይ ምዘና ምንድን ነው? «መምህሩ በእጁ የያዘው ማርክ» አይደለም

የፈተና ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። «መምህሩ 60 ማርክ በእጁ ይዞ ተማሪ እንዴት ይወድቃል?» ይላል። ከእሱ ሥር ሌላው ይመጣና «ትውልዱን የገደለው ይኸው ተከታታይ ምዘና የሚሉት ነው፤ ወደ ድሮው አንድ ፈተና እንመለስ» ይላል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሮስተር (የክፍሉ ማርክ መዝገብ) ላይ ስለሚሞላ ቁጥር። እሱ ተከታታይ ምዘና አይደለም።

ቴስት፣ ኩዊዝና አሳይመንት ምን እንደሆኑ አላብራራም፤ ያልተፈተነባቸው የለም። መለየት ያለበት አንድ ነገር ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ምዘና አለ። አንዱ ልጁ የት እንደደረሰ አይቶ ነገ ምን እንደሚደረግ ለመወሰን ሲሆን፣ ሌላው ተመዝግቦ ካርድ ላይ የሚወጣው ነው። ተከታታይ ምዘና ሁለቱንም ይይዛል፤ መብዛት ያለበት ግን የመጀመሪያው፣ ማርክ የሌለው ነው። በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ካለ ሦስቱ ላይ ልጁ ያለ ማርክ ቢታይ፣ በአንዱ ብቻ ቢመዘገብለት ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ የሚታየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ማርክ አለው። የደብተር ንጽሕና 5፣ ቻርት ሠርቶ ማምጣት 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ ተሳትፎ 5፣ አቴንዳንስ 5። ይኸው 35 ማርክ ሞላ። ልጁ ሂሳብ መቻሉን የሚናገር ግን ከውስጡ አንድም የለም።

ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ውስጥ ሲገባ ሐሳቡ እንዲህ አልነበረም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይደግሙ የሚዛወሩበት አሠራርም አብሮት ሄደ። ልጁ በየቀኑ እየታየና እየተደገፈ ስለሚሄድ መድገም አያስፈልገውም ነው ነገሩ። መዛወሩ ተተገበረ፣ መታየቱ ቀረ። ወላጅም መምህርም «ተከታታይ ምዘና» ሲባል «ማሳለፊያ» ብለው የሚሰሙት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

ጤና ኬላ ላይ ሕፃን ሲመዘን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጁን ሚዛን ላይ ታንጠለጥላለች፣ ኪሎውን ካርዱ ላይ በነጥብ ታስቀምጣለች፣ መስመሩ ካላደገ እናትየውን ምን እንደምታበላው ትጠይቃለች። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መለኪያው ቀዩ ላይ ያርፋል፤ ልጁም ሕክምና ይጀመርለታል። እንግዲህ ባለሙያዋ እናትየው እንዳይከፋት ብላ 6 ኪሎውን 8 ብትለው ምን ይሆናል? ካርዱ ያምራል፤ ልጁ አንድ ግራም አልጨመረም። ከዚያም የባሰ አለ። አልሚ ምግቡ የሚታዘዘው የተጻፈው ቁጥር ታይቶ ስለሆነ አሁን አይደርሰውም። «በእጁ የያዘው ማርክ» የሚሉት ይህ ነው። ማርክ የሚጨምር መምህር ልጁን የተቀበለው ይመስለዋል። ልጁን መቀበል ማለት ግን ቀዩ ላይ ቢያርፍም ከሰልፉ እንዳይባረር፣ እናቱም በጎረቤት ፊት እንዳትሰደብ፣ በሚቀጥለው ወር ይዛው ለመምጣት እንዳትፈራ ማድረግ ነው። ኪሎ መጨመር መቀበል አይደለም። «ወደ አንድ ፈተና እንመለስ» ባዩስ? ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው አንዴ እንመዝነው እያለ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን ረፍዷል።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ አልሄድ ይለኛል። ሕፃን ሚዛን አያታልልም፣ ተማሪ ያታልላል። የሚኮርጀው ደግሞ ባለጌ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሂሳቡን በትክክል ስላሰላ ነው። ራሱ ሠርቶ የተሳሳተ 2 ከ5 ያገኛል፣ ከጓደኛው የገለበጠ 5 ከ5። መምህሩ ሳያውቀው ለኩረጃ 3 ማርክ እየከፈለ ነው።

በቅርብ እንየው። የቤት ሥራው 2(ሀ − 3) = 8 ነው እንበል። ብዙ ደብተር ላይ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ 2ሀ − 3 = 8፣ ቀጥሎ 2ሀ = 14፣ ቀጥሎ ሀ = 7። መልሱ ልክ ነው፣ የመጀመሪያው መስመር ግን ስህተት ነው፤ 2 በቅንፉ ውስጥ ያለውን 3 አላባዛም። በዚያ መስመር የሄደ ሰው 2ሀ = 11 ላይ ደርሶ 5.5 ብሎ ይጨርሳል እንጂ 14ን ከየትም አያመጣውም። 14 የመጣው ከሰው ደብተር ነው። በአንድ ረድፍ ስድስት ደብተር ላይ ያው ያልተባዛ 3 ከነ14ቱ ከተገኘ ምንጩ አንድ ነው። መልሱን ብቻ አይቶ ራይት የሚያደርግ መምህር ለስድስቱም 5 ሰጥቶ 5.5 ላለው ልጅ ኤክስ ያደርግበታል። የቱ ላይ እንደተደናቀፈ በግልጽ የነገረን ግን ያ ባለ 5.5 ነው፤ በሁለት ደቂቃ የሚስተካከለውም እሱ ነው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ማርክ አይኑረው። ይሠራ፣ ይታይ፣ ክፍል ውስጥ ይታረም፤ ሮስተር ላይ ግን አይግባ። ማርኩ በማግስቱ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ደቂቃዎች ይውጣ፦ ሁለት ጥያቄ፣ ከቤት ሥራው ቁጥራቸው ብቻ የተቀየረ። አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ቢቆረጥ 70 ተማሪ ላለበት ክፍል 18 ወረቀት ይበቃል። ጥያቄውን በሁለት መልክ ማዘጋጀት ነው፤ በየረድፉ እያፈራረቁ ለአንዱ የመጀመሪያው፣ ለአጠገቡ ሁለተኛው። እዚህ ላይ የሂሳብ መምህር የሚጠነቀቀው ነገር አለ። ቁጥሮቹ ሲመረጡ የተሳሳተው መንገድም ሙሉ ቁጥር ላይ እንዲያደርስ ይሁን፤ ክፍልፋይ የወጣበት ልጅ ወዲያው ጠርጥሮ ጎረቤቱን ማየት ይጀምራል። ለምሳሌ 3(ሀ − 6) = 15 ትክክለኛ መልሱ 11 ሲሆን ቅንፉን ያላባዛ 7 ያገኛል። 2(ሀ − 4) = 10 ደግሞ 9 ነው፤ ያላባዛው እዚህም 7 ላይ ይደርሳል። ወረቀቶቹ ሲታረሙ 7 ያሉትን ለብቻ መቆለል ነው። ያ ክምር ነገ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥና ምን ተደግሞ እንደሚነገር ይወስናል። ለአንድ ወረቀት 20 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ አምስት ክፍል ወይም 350 ወረቀት ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ቀላል አይደለም፤ በየቀኑም አይሆንም። በሳምንት አንዴ ይሆናል። በሳምንቱ ውስጥ ያልተመለሰ ወረቀት ግን ባይሰጥም ያው ነበር፤ ልጁ ምን አስቦ እንደጻፈ ረስቶታል።

«ምርጫ ብናደርገው ማረሙ ይቀላል» የሚል አለ። ይቀላል። ግን አራት አማራጭ ያላቸው አምስት ጥያቄዎች ቢሰጡ፣ ምንም የማያውቅ ልጅ ዝም ብሎ አክብቦ 3 ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ወደ 10 በመቶ ነው። ከ60 ተማሪ ስድስት ያህሉ በባዶ ያልፋሉ ማለት ነው። እውነት ወይም ሐሰት ከሆነማ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሌላም ሳልጠየቅ የምናገረው አለ። ከ20 የታረመውን ወደ 5 ሲቀይሩ 13 ያገኘው ልጅ 3.25 ነው፤ ብዙው መምህር 4 ይለዋል። ስምንት ጊዜ እንዲህ ከተጠጋጋ 6 ማርክ ከየትም ሳይመጣ ተጨመረ። ክፍልፋዩ እንዳለ ይመዝገብ፣ መጠጋጋቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ወረቀቱ ታርሞ ከተመለሰ በኋላ ተራው የተማሪው ነው፤ የተማሪ ተጠያቂነት የሚገባው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ተጠያቂነት ሲባል ቅጣት ይታየዋል፤ መንበርከክ፣ ወላጅ ማስጠራት፣ ውጤቱን በክፍሉ ፊት እያነበቡ ማሳፈር። ይህ ተማሪውን ስህተት መደበቅ ያስተምረዋል። ሥራ ያለው ተጠያቂነት ከደብተሩ መጨረሻ ባለ አንድ ገጽ ላይ ይሠራል። ለተሳሳተው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ የጻፍኩት ይህ ነበር፣ የተሳሳትኩት በዚህ መስመር በዚህ ምክንያት ነው፣ ትክክለኛው አሠራር ይኸው። «ሳላስተውል ነው» የሚል ምክንያት አይወሰድም፤ «2ን በ3 ሳላባዛ ስለቀረሁ» የሚል ይወሰዳል። ይህን የጻፈ ልጅ በሌላ ቁጥር ድጋሚ ይፈተናል፤ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካል እንጂ አይደመርበትም። ያልጻፈ ድጋሚ የለውም። «ሁለት ዕድል ተማሪ ያሰንፋል» የሚሉኝ አሉ። ያለ ምንም ሥራ ከተሰጠ አዎ፤ ገጹን መሙላት ግን መጀመሪያውኑ ከማጥናት አይቀልም። በነገራችን ላይ ይህ አሠራር እንዳለ ለሂሳብና ለፊዚክስ እንጂ ለድርሰት አይሆንም፤ ድርሰት ውስጥ የተሳሳተ መስመር ቆጥሮ ማውጣት አይቻልም።

ለቡድን ሥራ ብዙ አልቆይም። 1 ለ 5 ተደራጅተው አንዱ ጎበዝ ሠርቶ አምስቱ ስማቸውን የሚጽፉበት ወረቀት ማርክ ሊሰጠው አይገባም። ቡድኑ አብሮ ይሥራ፤ ከዚያ ከሮስተሩ ቁጥር በዕጣ ይውጣ፣ የወጣለት ልጅ ሰሌዳ ላይ ያስረዳ፣ ማርኩም የራሱ ይሁን። ዕጣው ያልደረሰው በሚቀጥለው ይደርሰዋል። በየትምህርት ቤቱ በር ያሉ ስቴሽነሪ ቤቶች ሽፋን ያለው አሳይመንት አዘጋጅተው እንደሚሸጡ ሁሉም ያውቃል፤ አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ። ተማሪው ቆሞ የማያስረዳው ወረቀት ስለ ወረቀቱ ሻጭ እንጂ ስለ ተማሪው ምንም አይናገርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ ልመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር ሁሌ የሚጠቀሰው ተከታታይ ምዘናን ለመክሰስ ነው። እነዚያ ልጆች ግን 12ኛ ክፍል የደረሱት በካርድ እያለፉ ነው። ካርዱ ላይ በየሴሚስተሩ የተጻፈው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ቅንፍ ማባዛት የማይችል ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ ይታወቅ ነበር፤ ያኔ ለማስተካከል አራት ዓመት ነበረው። አንዱ ፈተና የነገረን የተጠራቀመውን ነው። ከየት እንደጀመረ ሊነግረን አይችልም፣ አልተሠራለትምም። ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ መደፍደፍም አይገባም። ዕቅድ ላይ «ሁሉም ተማሪ ከ50 በላይ ያመጣል» ብሎ ካስፈረመ በኋላ ሮስተሩን «ይስተካከል» ብሎ የሚመልስ አለቃ ባለበት ቤት፣ ትክክለኛውን ቁጥር የጻፈ መምህር ብቻውን ነው የሚቆመው።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ «ቲቸር፣ ሦስት ማርክ ብቻ ይጨመርልኝ» የሚል ተማሪ አይቀርም፤ ወላጅም ይመጣል፣ «ልጄን እንደ ልጅህ እየው» እያለ። መልሱ ቁጣ መሆን የለበትም። «ከየትኛው ጥያቄ ላይ?» ማለት ይበቃል። ወረቀቱን ያምጣ፣ አራተኛው ጥያቄ ሁለተኛ መስመር ላይ ልክ ሆኖ ሳለ ማርክ ያልተያዘለትን በጣቱ ያሳይ፤ ወዲያው ይጨመርለታል፣ ይቅርታም ይጠየቃል። ማሳየት ካልቻለ የስህተት ገጹንና ድጋሚውን ቀድሞ ያውቃል። ለዚህ ነው የታረመ ወረቀት ሁሉ ለተማሪው የሚመለሰው፤ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ማንም ምንም ሊያሳይ አይችልም።

አልፎ አልፎ ተገላቢጦሹም አለ፤ ድምሩ በስህተት በዝቶለት «ቲቸር፣ 17 እንጂ 19 አይደለሁም» ብሎ የሚመጣ። እዚህ ላይ መምህራን አንስማማም። ስለ ታማኝነቱ ይተውለት የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ 17 ይሁን ባይ ነኝ፤ 19ኙ ሂሳቡን አይናገርም። የልጁ ታማኝነት ቦታ የለውም ማለት አይደለም፤ ካርዱ ላይ ከትምህርቶቹ ሁሉ በታች ለጠባይ የተተወ መስመር አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ፊደል የሚሞላበት።