ተመጣጣኝ ውክልና፣ የፓርቲ ዝርዝርና ተጠያቂነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አመሻሽ ላይ የሚጀመር ጨዋታ ከኳስና ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ ምርጫ ላይ መድረሱ የተለመደ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በእንዲህ ያለ ጨዋታ መካከል አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «በፓርቲ ዝርዝር ምክር ቤት የገባ ሰው የፓርቲው ተቀጣሪ እንጂ የእኔ ተወካይ ሊሆን አይችልም» አሉና ክርክሩ ጋለ። የፓርቲ ዝርዝር ማለት ፓርቲው የሚያቀርባቸው ዕጩዎች በተርታ የተጻፉበት ሰነድ ነው፤ በተመጣጣኝ ውክልና ፓርቲው ካገኘው ድምፅ ጋር የሚመጣጠን መቀመጫ ሲያገኝ መቀመጫዎቹን የሚይዙት ከዚያ ዝርዝር ነው። ከጋሼ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን በዚያ ምሽት ከተሰነዘሩት ሌሎች አስተያየቶች ጋር ተደምሮ መታረም የሚገባው ስለ መሰለኝ፣ አንድ በአንድ ላነሣቸው ወደድሁ።

«ተመጣጣኝ ውክልና ሥልጣንን በብሔር ኮታ ማከፋፈል ነው»

ሐዋሳ የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ በመሆኗ «ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል ወዲያውኑ ወደ ኮታ ጥያቄ ይጎተታል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥርዓት የሚመጣጠኑት ድምፅና መቀመጫ ናቸው፤ የመራጩ ማንነት በስሌቱ ውስጥ አይገባም። በሕዝብ ብዛት ላይ የተመሠረተ የብሔሮች ውክልና የሚገኘው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ አባል ሲኖረው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ አባል ይጨመርለታል። ይህና የፓርቲ ዝርዝር ምንም ዝምድና የላቸውም።

«ብዙ ድምፅ ያገኘ ማሸነፉ በቂ ፍትሕ ነው»

አሁን ባለው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ መቀመጫውን ይወስዳል። አብላጫ ድምፅ ማሸነፉ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው የቀረው ድምፅ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ ገዢ ፓርቲ ኢሕአዴግ ከእነዚያው 23 መቀመጫዎች 22ቱን ወሰደ። በሁለቱም ጊዜ ለተሸናፊው ድምፅ የሰጡ እጅግ ብዙ የከተማዋ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን ወደ መቀመጫ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ሲይዙ የተቃዋሚ ድምፅ በምክር ቤቱ ጨርሶ ጠፋ። ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም፤ በብሪታንያ በ2024 እ.ኤ.አ. የሌበር ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ60 በመቶ በላይ መቀመጫ ይዟል።

ለሒሳብ መምህሩ በናፕኪን ላይ የጻፍሁላቸውን ምሳሌ እዚህም ልድገመው። አሥር መቀመጫ ያለው አንድ ሰፊ የምርጫ ክልል አለ እንበል፤ ከተሰጠው 100,000 ድምፅ የመጀመሪያው ፓርቲ 48,000፣ ሁለተኛው 31,000፣ ሦስተኛው 21,000 አግኝተዋል። ዲ ሆንት በሚባለው ስሌት የእያንዳንዱ ፓርቲ ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እየተባለ ይካፈልና ከውጤቶቹ ሁሉ ትልልቆቹ አሥሩ መቀመጫ ያገኛሉ። ውጤቱ አምስት፣ ሦስትና ሁለት ይሆናል። ያው ክልል በአሥር ትናንሽ የምርጫ ክልሎች ተከፍሎ የደጋፊዎች ስብጥር በየቦታው ተመሳሳይ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ፓርቲ፣ ከግማሽ በታች ድምፅ ይዞ፣ አሥሩንም ይጠቀልል ነበር። ጋሼ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ «ሒሳቡስ ልክ ነው» አሉ፤ በዝርዝሩ ጉዳይ ግን አልተረቱም።

«በዝርዝር ሥርዓት መራጩ ሰው አይመርጥም»

ይህ አባባል ትክክል የሚሆነው ለአንደኛው የዝርዝር ዓይነት ብቻ ነው። በዝግ ዝርዝር መራጩ ለፓርቲው ድምፅ ይሰጣል፤ የዕጩዎቹን ቅደም ተከተል ፓርቲው አስቀድሞ ስለ ወሰነው አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የተጻፉት ሰዎች የአንድ ትልቅ ፓርቲ ዕጩዎች ከሆኑ መውደቂያ የላቸውም። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 400 መቀመጫዎች ያሉትን ብሔራዊ ምክር ቤቷን የምትመርጠው በዚህ መንገድ ነው፤ ጋሼ የተናገሩት ስጋትም በዚያው አገር በሰፊው የሚሰማ ወቀሳ ነው።

በክፍት ዝርዝር ግን ነገሩ ይገለበጣል። በፊንላንድ መራጩ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው የአንድን ዕጩ ቁጥር ነው፤ የዕጩዎቹ ድምፅ ተደምሮ የፓርቲውን መቀመጫ ብዛት ይወስናል፣ በፓርቲው ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚወስነው ደግሞ ዕጩው በግል ያገኘው ድምፅ ነው። በዚህ ዓይነት አንድ ተመራጭ ከተቀናቃኝ ፓርቲ ዕጩዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ጓዶች ጋርም ይፎካከራል። ኔዘርላንድስ በሁለቱ መካከል ትገኛለች፤ ለአንድ መቀመጫ ከሚያስፈልገው ድምፅ ሩቡን በግሉ ያገኘ ዕጩ፣ ፓርቲው መቀመጫ እስካገኘ ድረስ፣ ከዝርዝሩ ታች ቢጻፍም ከላይ ያሉትን ቀድሞ ሊገባ ይችላል። በአየርላንድ ደግሞ ዝርዝር የሚባል ነገር ሳይኖር መራጩ ዕጩዎችን 1፣ 2፣ 3 እያለ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ውጤቱ ግን ተመጣጣኝነት አለው።

ከዚህ የምንረዳው የተጠያቂነት ቁልፍ ዝርዝሩን በጻፈው እጅ ላይ መሆኑን ነው። በእስራኤል ዝርዝሩ ዝግ ቢሆንም በአንዳንድ ፓርቲዎች ቅደም ተከተሉን የሚወስኑት አባላቱ በሚሰጡት ድምፅ ነው። የጀርመን ሕግ ከዚህ ይልቃል፤ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በአባላት ወይም አባላት በመረጧቸው ጉባኤተኞች ሚስጥራዊ ድምፅ እንዲመርጡ ያስገድዳል። ዝርዝሩን ሁለት ወይም ሦስት መሪዎች ቢሮ ዘግተው ሲጽፉት ተመራጩ ወደ ማን እንደሚያጎነብስ ግልጽ ነው።

«አሁን ያለው ሥርዓት ተመራጩን ለእኔ ተጠያቂ ያደርገዋል»

ይህን የተናገሩትን ጋሼን የአካባቢያቸው የምክር ቤት አባል ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የፓርቲውን የምርጫ ምልክት ወዲያው ነገሩኝ፤ የሰውየው ስም ግን አልመጣላቸውም። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ እዚያ ከተቀመጥነው ከአምስታችን ስሙን ያወቀው አንድ ሰው ነው።

በአብላጫ ድምፅ ሥርዓትም ቢሆን፣ በግል ከሚወዳደሩት በስተቀር፣ ዕጩውን የሚያቀርበው ፓርቲው ነው። አንድ ፓርቲ በማይሸነፍበት የምርጫ ክልል ውስጥ ዕጩ ሆኖ መቅረብ በዝግ ዝርዝር አንደኛ ተብሎ ከመጻፍ አይለይም፤ የአንድ ስም ዝርዝር ነው። እውነት ነው፣ አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ሲኖረው አቤቱታ የሚቀርብለት ሰው ይታወቃል፣ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 ሕዝብ አመኔታ ባጣ ጊዜ የመረጠውን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። መብቱ ግን የሚሠራው መራጩ ተወካዩ በየትኛው አዋጅ ላይ እንዴት ድምፅ እንደ ሰጠ ሲያውቅ ነው፤ ይህን ማወቅ ደግሞ ከምርጫው ቀመር ይልቅ ከምክር ቤቱ አሠራርና ከጋዜጠኞች ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

«መቀመጫው የፓርቲው ስለሆነ ኅሊና ቦታ የለውም»

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። በደቡብ አፍሪካ ግን የፓርቲ አባልነቱን ያጣ የምክር ቤት አባል መቀመጫውንም ያጣል፤ ፓርቲው ካባረረው ከምክር ቤት ወጣ ማለት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አባላት መቀመጫቸውን ይዘው ፓርቲ እንዲቀይሩ ተፈቅዶ ነበር፤ ሆኖም በዋናነት ትልቁን ፓርቲ ጠቅሞና መራጩን አስቆጥቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ቀረ። ሁለቱም መንገዶች ዋጋ አላቸው፦ አንደኛው አባሉን የፓርቲው እስረኛ ያደርገዋል፣ ሌላው ለፓርቲው የተሰጠን ድምፅ ይዞ እንዲሰደድ ይፈቅድለታል። በእኔ አስተያየት ድምፁ በፓርቲው ስም ከተሰጠ በፈቃዱ የለቀቀ መቀመጫውን መተው አለበት፤ በተቃውሞ ድምፁ ምክንያት የተባረረ ግን መቀመጫውን ሊያጣ አይገባም።

«ምክር ቤቱ በትናንሽ ፓርቲዎች ይጥለቀለቃል፣ መንግሥትም አይጸናም»

ብዙዎቹ አገሮች ይህን የሚከላከሉት አንድ ፓርቲ መቀመጫ ለማግኘት ሊያገኘው የሚገባውን ዝቅተኛ የድምፅ መጠን በመወሰን ነው፤ ጀርመን 5 በመቶ፣ እስራኤል 3.25 በመቶ። ሲበዛም ይጎዳል፦ የቱርክ ዝቅተኛ መጠን 10 በመቶ በነበረበት በ2002 እ.ኤ.አ. ከመራጩ ድምፅ ግማሽ የሚጠጋው መቀመጫ ሳያስገኝ ቀርቷል። ጽናትን በተመለከተ ደግሞ በጀርመን ሄልሙት ኮልና አንጌላ ሜርክል እያንዳንዳቸው 16 ዓመት መርተዋል።

«ተመጣጣኝ ውክልና ከመጣ ችግሩ ሁሉ ይፈታል»

ይህ ስሕተት የደጋፊዎች ነው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ስለሆንሁ ደስ ሳይለኝ አነሣዋለሁ። ሌሶቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ባካሄደችው ምርጫ አንድ ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ያዘ። ሁከት ተነሥቶ የጎረቤት አገሮች ጦር እስኪገባ ድረስ ተባባሰ። ከዚያ በኋላ 80 የምርጫ ክልሎችን እንደ ነበሩ ትታ 40 መቀመጫዎችን በዝርዝር ጨመረች፤ የ2002 እ.ኤ.አ. ምርጫም በሰላም አለፈ። በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ትልቁ ፓርቲ በምርጫ ክልሎች በራሱ ስም ተወዳድሮ ደጋፊዎቹ የዝርዝሩን ድምፅ ለአንድ ትንሽ አጋር ፓርቲ እንዲሰጡ አደረገ፤ በዚህም ማመጣጠኛ የነበረው ዝርዝር ለጭማሪ መቀመጫ ዋለ። ቀዳዳው ከታየ በኋላ ሕጉ መታረም ነበረበት።

«ምርጫ ቦርድ ከፈለገ በመመሪያ ሊያስገባው ይችላል»

አይችልም። በአብላጫ ድምፅ መመረጥ ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ስለተጻፈ፣ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የፓርቲዎች ድርድር አብላጫ ድምፅንና ተመጣጣኝ ውክልናን ባጣመረ ቅይጥ ሥርዓት ላይ ቢስማማም ስምምነቱ ብቻውን ሕግ አልሆነም። ማሻሻያው የሁለቱን የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ይሁንታ ይጠይቃል። ሌላም ችግር አለ፤ ያው አንቀጽ የአባላቱ ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ጣሪያው ሳይነካ ለምሳሌ 110 መቀመጫ ለዝርዝር ቢመደብ አሁን ያሉት 547 የምርጫ ክልሎች ተቀናንሰው 440 ይሆናሉ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የምርጫ ክልል በአማካይ በሩብ ያህል ስለሚሰፋ፣ ጋሼ ስሙን ያላስታወሱት ሰው ከአሁኑ የበለጠ ብዙ መራጭ ይኖረዋል።