የግጦሽ ላም አመጋገብና የሳር መሬት አያያዝ

የወተት ላም በግጦሽ ማርባት ሲባል ብዙ ሰው መስክ ላይ ለቆ ማታ መሰብሰብ ይመስለዋል፤ ዋናው ስራ ግን ያለው ሳሩ ላይ ነው፣ መቼ ይጋጥ መቼ ይረፍ የሚለው ላይ።

ሳር ከተጋጠ በኋላ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ግንዱ ስር ባስቀመጠው ስንቅ ነው። ላም ደሞ ለጋ ቡቃያ ትወዳለች፣ ስለዚ እዛው ከቆየች ከ3 እና 4 ቀን በኋላ አዲሱን ቅጠል መልሳ ትበላዋለች፣ ሳሩም ስንቁ ያልቅና ስሩ ያጥራል፣ ከዛ አረም ቦታውን ይይዛል። ግጦሽ የሚጎዳው ከብት ሲበዛ ብቻ አይደለም፣ ጥቂት ላሞችም አመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ከዋሉ ያጠፉታል (ይሄን ብዙ ሰው አያምንም)።

መፍትሄው በኤሌክትሪክ አጥር ከፋፍሎ ማዘዋወር ነው፣ በአንድ ክፍል ከግማሽ ቀን እስከ 3 ቀን። እረፍቱን በካላንደር መወሰን ግን አያስኬድም፣ ሳር ሲፈጥን 20 ቀን ገደማ ይበቃዋል፣ በብርድ ወይ በድርቅ 40 ወይ 60 ቀንም ሊፈልግ ይችላል። ቅጠሉን ማየት ይሻላል፦ ራይግራስ የሚባለው የመኖ ሳር አንዱ ቡቃያ 3 ቅጠል ሲያወጣ ይደርሳል፣ 4ኛው ሲመጣ የመጀመሪያው መሞት ይጀምራል፣ ስለዚ ከዛ በላይ መጠበቅ ኪሳራ ነው። ሲጋጥም ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይተዋል፣ ረጃጅም የቆላ ሳሮች ደሞ ከዛም በላይ መተው አለባቸው።

ወደ ላሟ ስንመጣ፣ የምትታለብ 500 ኪሎ ላም በቀን 15 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ (ውሃው ሳይቆጠር) ትፈልጋለች። እርጥብ ሳር 80 ፐርሰንቱ ወይ ከዛ በላይ ውሃ ስለሆነ ይሄ ማለት 75 ኪሎና ከዛ በላይ ሳር ነው፣ ያንን ለመሰብሰብ ከ8 እስከ 10 ሰአት ትግጣለች፣ የተጋጠና ያጠረ ቦታ ላይ ግን ሰአቱም አይበቃትም።

ለጋ ሳር ፕሮቲን አያጣም፣ ብዙ ወተት ለምትሰጥ ላም የሚያጥረው ኢነርጂ ነው፤ ለዛ እህል ወይ ፉርሽካ ይጨመራል። ግን በጨመርክ ቁጥር የሳር ፍላጎቷ ይቀንሳል፣ ባንዴ ካበዛህ ደሞ ጨጓራዋ አሲድ ይሆንና የወተቱ ቅባት ይወርዳል፣ እና በ2 ሳምንት ውስጥ ቀስ እያሉ ማላመድ ነው።

አልፋልፋና ክሎቨር የሚባሉት የመኖ ተክሎች ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዙ ለመሬቱ ጥሩ ናቸው፣ ግን የተራበች ላም እርጥብ አልፋልፋ ላይ ከተለቀቀች ሆዷ ተነፍቶ በሰአታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፣ ስለዚ መጀመሪያ ድርቆሽ ትብላ። በብርዱ ወቅት በፍጥነት ያደገ ለጋ ሳር ማግኒዥየም ሊያንሰው ይችላል፣ በተለይ አዲስ የወለደች ላም ላይ አደገኛ ስለሆነ በማዕድን መልክ ይሰጣታል።

ሳር ከላሞቹ አቅም በላይ ሲበቅል የተወሰነ ክፍል ዘግቶ ለድርቆሽ ወይ ለሳይሌጅ (እርጥቡን አየር እንዳያገኝ ታፍኖ ለሚቀመጥ መኖ) ማጨድ ነው፣ እሱም ሳያብብ፤ ካበበ በኋላ የታጨደ ክምሩ ቢያምርም አብዛኛው አገዳ ነው፣ ወተት አይጨምርም።