በሞንትጎመሪ ካውንቲ ታግዶ የነበረው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ «ሞራቶሪየም (ጊዜያዊ እገዳ) ወጥቷል፣ ቤት መሥራት ቆሟል» ሲባል የሰማ ሰው ብዙ ነው። ሕጉ ግን የወሬውን ያህል ሰፊ አልነበረም። የታገደው የካውንቲው ፕላን ቦርድ ነው፤ አዲስ የመኖሪያ መሬት ሽንሸና እንዳያጸድቅ። ቤት መሸጥ፣ መግዛት፣ ማደስ ወይም ቀደም ብሎ በጸደቀ ቦታ ላይ መገንባት አልተነካም። የአረጋውያን መኖሪያም ነጻ ነበር፤ ተማሪ አይጨምርማ!

ምክንያቱ የትምህርት ቤት መጨናነቅ ነበር። በየዓመቱ ስሌት ይሠራ ነበር፤ በአንድ አካባቢ የተማሪው ብዛት ከአምስት ዓመት በኋላ ከትምህርት ቤቶቹ አቅም 120 በመቶ ያልፋል ተብሎ ከተገመተ፣ እገዳው ከጁላይ 1 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ይጸና ነበር። ለ1,000 ተማሪ የተሠራ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ1,200 በላይ ይጠበቅበታል እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲልቨር ስፕሪንግን ጨምሮ በርካታ አካባቢዎች በዚህ ሥር ገብተው ነበር።

በእኔ እምነት እገዳው መድኃኒቱ አልነበረም። ልጆች በነባር ቤቶችም ይጨምራሉ፤ አሮጊቷ ሸጠው ሲወጡ ሦስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ይገባል። የካውንቲው ምክር ቤትም በኖቬምበር 2020 እገዳውን አነሣው፤ በተጨናነቀ አካባቢ የሚገነባ አልሚ አሁን ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላል።